የሳጥኑ ሆድ ዕቃ

ፈሪ መሆኔን ከመጀመሪያው ልናገር፤ ኋላ ደርሳችሁበት ከምትታዘቡኝ አሁን ብትሰሙት ይሻላል። ቤዝ ጊታር የያዝኩትም በፍርሃት ነው ብል ብዙ አልዋሸሁም። ዘፋኙ ከፊት ይቆማል፤ ሊድ ጊታር የሚጫወተው ጎንበስ ቀና እያለ ይታያል። ቤዝ ተጫዋች ግን ከኋላ፣ ከድራሙ አጠገብ፣ ግማሽ ጥላ ውስጥ ቆሞ ሥራውን ይሠራል። ሰው ቤዝ መኖሩን ልብ አይልም፤ ሲቆም ነው "ምን ጎደለ?" ብሎ ዞር የሚለው። እንደ እኔ ላለ ሰው የተፈጠረ መሣሪያ ነው።

ችግሩ ሳጥኑ ነው። ቀጭን ድምፅ ከትንሽ ዕቃ ይወጣል፤ ወፍራም ድምፅ ግን ትልቅ ሳጥን ይፈልጋል። ሐዋሳን ያኔ አዋሳ ነበር የምንላት፤ በዚያች ትንሽ ከተማ ከሰው ዓይን መራቅ የሚወድ አንድ ሰው ቢኖር እኔ ነበርኩ፣ ከሁሉም የሚበልጠውን ዕቃ በጋሪ ጭኖ መንገድ ለመንገድ የሚዞረውም እኔው ሆንኩ።

አምፕሊፋየሩንና ሁለቱን ስፒከሮች ያገለገሉ ከአዲስ አበባ ገዛሁ። ሳጥኑን ግን ታቦር ተራራ ሥር፣ ከቤታችን ጥቂት በር አልፎ የሚሠራ አናጺ ከዋንዛ ሣንቃ ሠራልኝ። የጀርባው መዝጊያ በብሎን የሚታሰር ኮምፔንሳቶ ነው። ቁመቱ ደረቴ ይደርሳል። ባንዳችን የሚጫወተው ሐይቁ ዳር ባለ አንድ ሆቴል ስለነበር ባለጋሪው ከሩቅ ሲያየኝ "ዛሬም ቁም ሳጥንህን ይዘህ መጣህ?" እያለ ለፈረሱ ያዝንለት ነበር።

ስፒከር የተገጠመበት ባዶ ሳጥን እንደ ባዶ በርሜል ነው። ቤዝ ሲመታ ያስተጋባል፤ አንዱ ድምፅ ሳይጠፋ ሌላው ይደርስበትና ሁሉም ይደበላለቃል። ስለዚህ ውስጡ ድምፅ የሚጠጣ ነገር ይጠቀጠቅበታል። ውጭ አገር ለዚሁ የተሠራ ነገር አለ ይባል ነበር፤ እኛ የምንጠቀመው በተገኘው ነው። አንዱ የፍራሽ ጥጥ፣ ሌላው አሮጌ ብርድ ልብስ ያስገባል። እኔ ይህን የሳጥኑ ሆድ ዕቃ እለው ነበር። ባለቤቴ ልብስ ሰፊ ናት፤ የእግር መኪናዋ መስኮቱ ሥር ስለነበር የጨርቅ ቅዳጅ አይጠፋንም። ግን ቅዳጁ ለዚያ ሁሉ ሆድ አልበቃም። ሳጥኑ ያጉረመርማል እያልኩ በየቀኑ እነጫነጭ ነበር።

ያን ጊዜ የባለቤቴ ታናሽ ወንድም ከእኛ ጋር ይኖራል። ወላጆቻቸው ቀድመው ስላረፉ ያሳደገችው እሷ ናት ማለት ይቻላል። ደጋ አገር ባለ የሚሲዮን አዳሪ ትምህርት ቤት ተምሮ፣ አስተማሪ ሆኖ ወደ እኛ መጣ። ከዚያ ብርዳም አገር ያመጣት አንዲት ቡናማ ሹራብ ነበረችው። አንገቷ ላይ ከውስጥ በኩል የአዳሪነት ቁጥሩ በቀይ ክር ተሰፍቷል። የቀኝ ክርኗ ሲቀደድ ባለቤቴ ቡናማ ክር አጥታ በአረንጓዴ ጣፈችለት፤ እሱም እንደ ኒሻን ለሰው ሁሉ ያሳይ ነበር። አዋሳ ሹራብ የሚያስለብስ አገር አይደለም፤ አብዛኛውን ጊዜ ከበሩ ጀርባ ተሰቅላ ትውላለች።

አንድ ቀን ከሥራ ሲመለስ በሲባጎ የታሰሩ ሁለት እስር ወረቀቶች ተሸክሞ ገባ።

"ጋሼ፣ ለሳጥንህ ወረቀት አይሆንም?" አለኝ።

"ጥብቅ ተደርጎ ከታሰረ ምን ይላል" አልኩት።

ጀርባውን አብረን ፈታን፤ እስሮቹን ግራና ቀኝ አድርጎ አስገባቸው፤ ባለቤቴ ብሎኖቹን በመዳፏ ይዛ ታቀብለን ነበር። የማባዣ ማሽን ቀለም ሽታ ነበራቸው። የትምህርት ቤት ፈተና ይሆናል አልኩ። ሐቁን ልናገርና፣ ምን እንደሆነ አልጠየቅሁትም፤ ላለመጠየቅ ያን ያህል መድከም ያላስፈለገኝ ሰው ነኝ። ጊታሩን ሰክቼ ስመታው ማጉረምረሙ ቀርቷል። "ሳጥኑ ጠገበ!" ብዬ ጮህኩ፤ ሦስታችንም ሳቅን። ከዚያ ቀን ጀምሮ ያ ነገር ለእኔ ወረቀት መሆኑ ቀረ። የድምፄ አንድ ክፍል ሆነ፤ ሰው የገዛ ጉበቱን እንደማያስበው ሁሉ እኔም ረሳሁት።

ከዓመት በኋላ ቀይ ሽብር መጣ። ስለዚያ ጊዜ ብዙ ተጽፏልና የእኛን ቤት ብቻ ልንገራችሁ። አስተማሪያችን አንድ ጠዋት ጠመኔውን በኪሱ ይዞ ወጣ፤ ሙቀት ስለነበር ሹራቡን አልለበሰም። አልተመለሰም። ማን እንደወሰደው ለመስማት እስከ ምሳ ሰዓት አልፈጀም፤ የገዛ ቀበሌያችን ሰዎች ነበሩ።

ፍተሻ እንደሚመጣ ገብቶኛል። ቤት ውስጥ ያለውን ወረቀት ሁሉ ማድ ቤት አቃጠልኩ። መጽሐፎቹን፣ ደብተሮቹን፣ የዘፈን ግጥም የጻፍኩባቸውን ሳይቀር። የጊታር ክር የሚመጣበትን ትንሽ የወረቀት ከረጢት እንኳ አልማርኩም። ክብሪት ስጭር ባለቤቴ ደጋግማ ታየኝና ወደ ሳጥኑ ታይ ነበር። ምን እንደምታይ አልገባኝም፤ "ምን ታፈጫለሽ፣ የመኪናሽን መሳቢያ አራግፊ እንጂ!" ብዬ ጮህኩባት።

በሁለተኛው ቀን ረፋዱ ላይ አራት ሆነው መጡ። ፍራሹን ገለበጡ፣ የበርበሬውን ዕቃ ደፉ፣ የልብስ መኪናዋን ሆድ ከፈቱ። አለቃቸው የሚመስለው ደክሞት መቀመጫ ሲፈልግ ወንበሮቹ ተከምረዋል። ሳጥኑን በጎኑ አስተኝቶ ላዩ ላይ ተቀመጠና ጠመንጃውን ጭኑ ላይ አጋደመ።

"ይኼ ምንድነው?" አለ በተረከዙ እየመታው።

"የቤዝ ጊታር ሳጥን ነው።"

"እስቲ አሰማና።"

ጊታሬን ሰካሁና ሁሉም የሚያውቀውን የሠርግ ምት ጀመርኩ። ሰውየው ድምፁ ከሥሩ ሲያንቀጠቅጠው ደስ አለው፤ በእግሩ መምታት ጀመረ። እኔም ደስታውን ሳይ እየሳቅኩ፣ ሳልጠየቅ ሌላ ጨመርኩለት። ባለቤቴ ግድግዳውን ተደግፋ ቆማለች፤ ፊቷ አመድ መስሎ ነበር። ሲወጡ "ጎበዝ ነህ" ብሎኝ ሄደ።

ሳምንታት ካለፉ በኋላ ቀበሌ ጠርተው ባለቤቴን ወንድሟ "እርምጃ ተወስዶበታል" አሏት። ሬሳ የለም። ጥቁር መልበስ የለም። ለቅሶ መቀመጥ የለም፤ ድምፅ ያሰማ እንደ ግብረ አበር ይቆጠራል። ከቤታችን ጋር በአንድ የጭቃ ግድግዳ የምትዋሰነው ጎረቤታችን የቀበሌው የሴቶች ማኅበር ጸሐፊ ነበረች፤ ሳል እንኳ ይሰማታል። ባለቤቴ ቤት ገብታ መኪናዋ ላይ ተቀመጠችና ፔዳሉን መርገጥ ጀመረች። ቀርቤ ሳይ መርፌው ላይ ክር የለም። እስኪመሽ ባዶውን ስትሰፋ ዋለች።

እኔ በዚያ ሰሞን ምን አደረግሁ? ከበሩ ጀርባ የተሰቀለችውን ሹራብ እያየሁ እንቅልፍ አጣሁ። አንገቷ ላይ ቁጥር አለ፤ ሰው ሁሉ ያውቃታል። "አቃጥያት" አልኳት። ፔዳሉን መርገጧን ቀጠለች። በሦስተኛው ቀን ከሆቴሉ ስመለስ ሹራቧ ከበሩ ጀርባ የለችም፤ ግቢው የቃጠሎ ሽታ ይሸታል። "አቃጠልሽ?" ስላት "አቃጠልኩ" አለችኝ። ቀለል አለኝ። ያን ጊዜ ቀለል ያለኝን ያህል ዛሬ ይከብደኛል።

በዚያው ሰሞን ከአዲስ አበባ አዲስ ክር ተልኮልኝ ነበር። ክሩን ቀይሬ ስጫወት የቤዜ ድምፅ ለሰስ፣ ሞቅ ብሏል። ባንዱ ሁሉ ልብ አለው። እኔም "ክር ማለት ይኼ ነው" እያልኩ ጉራዬን ነዛሁ።

እንዲህ ከዓመት በላይ አለፈ፤ ሰዓት እላፊው ጭፈራውን ገደለው። ሆቴሉ እሑድ ከሰዓት በኋላ ብቻ የሚያጫውተን ሆነ፤ የሚጨፍረውም ሰው በሩን በሩን እያየ ነው። ይባስ ብሎ ድምፅ ማጉያ ያለው ሁሉ ቀበሌ ቀርቦ ያስመዝግብ ተባለ። ሰው የተመዘገበ ዕቃውን ተከትሎ ወደ ኪነት ቡድን፣ ከዚያም ወደ ግንባር እንደሚሄድ ይወራ ነበር። ያን ጊዜ ቁርጥ አደረግሁ። ትልቁን ሳጥን ሸጬ ትንሽ እገዛለሁ። በዕቃዬ ካነስኩ እኔም የማንስ፣ ዓይን ውስጥ የማልገባ መሰለኝ።

ገበያው ዳር ሬዲዮና ባትሪ የሚሸጡ አንድ ሽማግሌ ነጋዴ ነበሩ። ከመደርደሪያቸው ሥር የትንሽ ሻንጣ ያህል የምትሆን አምፕሊፋየር አወጡልኝ፤ ስፒከሯ ከሻይ ማቅረቢያ ሰሐን አይበልጥም።

"ትልቁን ይወስዱልኛል?" አልኳቸው።

ሳቁ። "ልጄ፣ ሰው ዛሬ የሚገዛው ኪሱ የሚገባ ነገር ነው። ያንን ተሸክሞ በየትኛው መንገድ ያልፋል? አንተ ልትደበቅ ትሸጣለህ፣ እኔ ምን በወጣኝ እገዛለሁ?"

ትንሿን ብቻ ገዛሁ። ትልቁን ማን ይገዛዋል ብዬ ሳስብ ከነዋሪው ሁሉ የማይፈራው አንድ ቤት ብቻ ነው፤ እሱም ቀበሌው። ለስብሰባ ድምፅ ማጉያ እንደሚፈልጉ ሰምቻለሁ። ሄጄ ከነአምፕሊፋየሩ ለሊቀመንበሩ አቀረብኩ፤ ደስ አለው። ነገሩን ለባለቤቴ ስነግራት መኪናዋን አቆመች።

"አትሽጠው" አለች።

"ለምን?"

"እንዲሁ። ዕቃ ነው፣ ይቀመጥ። እኔ ጨርቅ አለብሰዋለሁ፣ ጠረጴዛ ይሆናል።"

"ጠረጴዛ! አንቺ ልታስገድይኝ ነው እንዴ?"

ፊቷን ወደ መኪናዋ መለሰች። ባለጋሪው መጥቶ ሳጥኑን ስንጭነው ተከትላን ወጣች፤ እጇን ጀርባው ላይ አድርጋ ጋሪው እስኪንቀሳቀስ አላነሳችም። ዓይኗ ውኃ ሞላ። "ለሳጥን ይለቀሳል እንዴ?" ብዬ ቀለድኩባት። ከተናገርኳቸው ቃላት ሁሉ አንዱን መልሼ መዋጥ ብችል ይህን እውጥ ነበር።

ቀበሌው በመጀመሪያው ስብሰባ ሳጥኑን አዳራሹ ፊት ተከለው። ሊቀመንበሩ ማይክሮፎኑን ይዞ ንግግሩን ጀመረ፤ የወጣው ግን ጉድጓድ ውስጥ የወደቀ በሬ ድምፅ ነው። አንድ ቃል አይለይም። ሕዝቡ የት ላይ እንደሚጨበጨብ ጠፋው፤ ለጥንቃቄ ሲል ሁሉም ቦታ ላይ አጨበጨበ። "ጸጥታ!" ሲል አጨበጨቡ። ሁለት ሴቶች ነጠላቸውን አፋቸው ውስጥ ከተቱ። እኔ ከኋላ ወንበር ላይ ሆኜ አብሬ አጨበጨብኩ።

ሐሙስ ተጠራሁ። ሊቀመንበሩ በዕድሜ ከእኔ ያንሳል፤ ቢሆንም እርስዎ እለዋለሁ። ጠረጴዛው ላይ ሽጉጡ እንደ ወረቀት መጫኛ ተቀምጣለች።

"አበላሽተህ ነው የሸጥክልን? ይኼ አሻጥር አይደለም?"

"ኧረ በፍጹም ጓድ ሊቀመንበር፣ ሳጥኑ ለቤዝ የተሠራ ስለሆነ ነው።"

"እሱን ባለሙያ ይየው። ውስጡ የታፈነ ነገር አለ ይላሉ። ቅዳሜ ከክፍለ ሀገር ሰው መጥቶ ይከፍተዋል።"

ይከፍተዋል ሲል ነው ያስታወስኩት። ሁለቱ እስሮች ሲባጎአቸው ሳይቀር ዓይኔ ላይ መጡ። የማባዣው ቀለም ሽታ አፍንጫዬ ውስጥ ገባ፤ ፈተና ሳይሆን በድብቅ የሚበተን ጽሑፍ ነበር። ያ ፈታሽ ጠመንጃውን አጋድሞ የተቀመጠው፣ እኔም እየሳቅኩ የተጫወትኩለት፣ በምን ላይ እንደነበር ገባኝ። ከዚያም አልፌ፣ ያንን ነገር በገዛ እጄ ጋሪ ላይ ጭኜ፣ ባለጋሪ ከፍዬ፣ ለራሳቸው አምጥቼ እንደሸጥኩላቸው።

"ጓድ ሊቀመንበር፣ የክፍለ ሀገሩን ሰው ከምናደክም እኔው ላስተካክለው። የራሴ ሥራ ነው" አልኩ፤ ድምፄ የሌላ ሰው ይመስላል።

ትንሽ አየኝ። "እሺ። ነገ ጠዋት ና። ካልሆነልህ ቅዳሜ ሰውየው ይከፍተዋል።"

ከቀበሌው ግቢ የሚወጣ ዘንቢልም ሆነ ከረጢት በር ላይ ይፈተሻል። ስለዚህ ወረቀቶቹን ሉክ በሉክ ሸሚዜ ሥር ወገቤ ላይ ልጠቀልላቸው አሰብኩ። ይበቃል አይበቃም አላውቅም። ዓርብ ጠዋት የባንዱን ሰፊ ሰማያዊ ጃኬት ለበስኩ።

"በዚህ ሙቀት ጃኬት?" አለች ባለቤቴ።

"ቀበሌ ልሄድ ነው። ሳጥኑን ክፈት ተብያለሁ።"

ፔዳሉ ቆመ። "ልትከፍተው ነው? አንተው ብቻህን?"

"እና ከማን ጋር?"

"እኔም ልምጣ" አለች ብድግ ብላ። ፊቷ ያን የፍተሻውን ቀን መሰለ። ልቤ በራሴ ፍርሃት ተይዞ ስለነበር የሷን የምጠይቅበት ቦታ አልነበረኝም። "ተቀመጪ! ምን ልትሠሪ!" ብዬ ወጣሁ።

አዳራሹ ውስጥ የነበሩት አንድ ሽማግሌ ዘበኛ ብቻ ናቸው፤ የሲዳማ ሰው ናቸው፣ አሮጌ ጠመንጃ ይዘው በሩ አጠገብ አግዳሚ ላይ ተቀምጠዋል። ሳጥኑ ፊቱን ወደ በሩ ስለሰጠ እኔ ከጀርባው ስሆን እሳቸው የሚያዩት ራሴን ብቻ ነው። ካቻቪቴዬን አውጥቼ ጎንበስ አልኩና ቀጥ ብዬ ቀረሁ። የብሎኖቹ ራስ ተቦጫጭሯል። በካቻቪቴ አይደለም፤ በሌላ ስለታም ነገር ነው የተፈቱት። ከእኔ በኋላ ሰው ከፍቶታል።

እንግዲህ አግኝተውታል አልኩ። አግኝተውታል፣ አሁን ማን ሊያወጣው እንደሚመጣ እየጠበቁ ነው። እኔም መጣሁላቸው። ሩጥ ሩጥ አለኝ፤ በሩ ላይ ግን ጠመንጃ አለ። ሌላ የማደርገው ስላጣሁ መፍታቴን ቀጠልኩ። እያንዳንዱ ብሎን ዘመን ፈጀ።

ኮምፔንሳቶውን ከፈት አድርጌ እጄን ሰደድኩ። ወረቀት የለም። የእስሮቹ ቦታ ላይ እንደ ትራስ ተሰፍተው ቅዳጅ የሞሉ ሁለት ከረጢቶች አሉ፤ ስፌቱን አውቀዋለሁ፣ የማን እጅ እንደሆነ ለመናገር ማየት አያስፈልገኝም። በሁለቱ መካከል በነጠላ ቅዳጅ የተጠቀለለ ለስላሳ ነገር ነበር። ገለጥኩት። ቡናማ ነው። ክርኑ ላይ አረንጓዴ።

ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። ክሩ አይደለም ድምፁን ያለሰለሰው። ዓመት ተኩል ሙሉ ሐይቁ ዳር ሰው ያስጨፈርኩት በዚች ሹራብ ውስጥ የሚያልፍ ድምፅ ነበር። እሷም እቤት መኪናዋ ላይ ሆና ስለማመድ ትሰማው ነበር።

"ልጄ፣ አመመህ?" አሉ ዘበኛው።

"አይ አባባ፣ ብሎን ወድቆብኝ ነው።"

"ቀስ ብለህ ፈልግ። ጊዜ አለ።"

ጊዜ አልነበረም። አንገቷ ላይ ቁጥሩ አለ፤ የቅዳሜው ሰው ቢከፍተው ጥያቄው ቀጥታ ወደ ባለቤቴ ነው የሚሄደው። በእጅ ይዞ መውጣት አይቻልም። ከሳጥኑ ጀርባ አጎንብሼ ጃኬቴን አወለቅሁ፣ ሹራቧን ለበስኩ። ልጁ ቀጭን ነበር፤ እጅጌዋ ክንዴ ላይ ተወጠረ፣ ደረቴን አነቀኝ። ጃኬቱን ደረብኩበት፣ እስከ አንገቴ ቆለፍኩ። ብሎኖቹን መልሼ ሳጠብቅ ላቡ ዓይኔ ውስጥ ይገባል።

የመጨረሻውን ሳስር ሊቀመንበሩ ገባ።

"እህስ?"

"አልቋል ጓድ ሊቀመንበር።" አምፕሊፋየሩ ጋ ሄጄ ወፍራሙን ድምፅ የሚቀንሰውን ቁልፍ እስከ መጨረሻው አዞርኩት። ለንግግሩ የሚያስፈልገው ይኸው ብቻ ነበር፤ ከመጀመሪያው ጀምሮ አንድ ጣት ይበቃው ነበር።

ማይክሮፎኑን ያዘ። "ጓዶች!" አለ፤ ጥርት ብሎ ወጣ። ደስ አለው። ከዚያ ያለፈውን ስብሰባ ንግግር ሁለት ገጽ ያህል ለእኔና ለዘበኛው አነበበልን። እኔ በጥንቃቄ ቆሜ አጨበጨብኩ። ክንዴን ባነሳሁ ቁጥር የሹራቧ ጠርዝ ከጃኬቱ ሥር ወጣ የሚል ይመስለኛል። ላቤ በአገጬ ይንጠባጠባል።

አንብቦ ሲጨርስ ጠጋ አለኝ። "ምን ሆነህ ነው እንዲህ ያላበህ? ጃኬትህን አውልቀው እንጂ።"

"ወባ ነው ጓድ ሊቀመንበር" አልኩ። እንዴት እንደመጣልኝ አላውቅም። "ያልበኛል፣ ግን ብርድ ብርድ ይለኛል።"

እጁን ሰዶ ግንባሬን ነካ። ዓይኑ አንገቴ ላይ ወረደ። "ሹራብም ደርበሃል?"

"አዎ… ብርዱ።"

የዚያችን ሹራብ ባለቤት በዚያው ግቢ ያሰረው እሱ ነው። እሱ እጁን ሱሪው ላይ ጠረገ። "ሂድ፣ ክኒን ውሰድ። አዋሳ ሰው የምትጨርሰው በወባ ነው" አለኝ።

በር ላይ ዘበኛው ኪሴን ዳሰሱ፤ ካቻቪቴ ብቻ ነበር። እቤት እስክደርስ ዞሬ አላየሁም፤ ፀሐዩ አናቴ ላይ ነው፣ የሚያልፈኝ ሁሉ ሹራቧን በጃኬቱ ውስጥ የሚያያት ይመስለኝ ነበር።

ባለቤቴ ከወንበሯ አልተነሳችም። በሩን ዘጋሁ፣ መስኮቱን ዘጋሁ፣ ጃኬቱን አወለቅሁ። ከዚያ መጥታ በአረንጓዴ የተጣፈውን ክርን በአውራ ጣቷ ነካችው።

"አቃጠልኳት ብለሽኝ…" አልኩ በሹክሹክታ።

"ያን ቀን የሸተተህ ወረቀቱ ነው። በመቀስ ፈትቼ አወጣሁት።"

"ወረቀቱ መኖሩን ታውቂ ነበር?"

"አንተስ አታውቅም? ሰውየው ላዩ ላይ ተቀምጦ እየሳቅክ ስትጫወትለት፣ እኔ የማላውቀው ትልቅ ልብ አለው ለካ ብዬ… ልቤ ሊወጣ ሲል የያዝኩት አንተን እያየሁ ነው።"

"ረስቼው ነበር" አልኳት።

ልዋሻት እችል ነበር፤ አልዋሸሁም። አየችኝና ሳቅ አመለጣት፤ አጭር፣ ከአፍንጫ የሚወጣ ሳቅ። "አውልቀው፣ ጠቦሃል። ይቀደዳል" አለች። አውልቄ ሰጠኋት። ፊቷን ቀበረችበት፤ ሳቁ እዚያው ውስጥ ሌላ ነገር ሆነ። የዓመት ተኩል ለቅሶ ነው፤ ሹራቧ ልታፍነው አልቻለችም። ከግድግዳው ወዲያ ጎረቤታችን ዕቃ ስታስቀምጥ ይሰማኛል።

ተነስቼ ጊታሬን ትንሿ አምፕሊፋየር ላይ ሰካሁ። ቁልፎቿን ሁሉ እስከ መጨረሻ አዞርኩ፣ መታሁ። ጣሳ ውስጥ የገባች ዝንብ ድምፅ ወጣ። ሰፈሩን ሊያናውጥ የሚችለውን፣ ባለቤቴ አንጀቷ እስኪወጣ ብትጮህ የሚሸፍንላትን ሳጥን ፈርቼ በገዛ እጄ ሸጬዋለሁ። በቀረችኝ ነገር ተጫወትኩ። ባለቤቴ የትንሿን ሳጥን አቅም ወዲያው ለየችው። ድምፁ ከፍ ሲል ታለቅሳለች፤ ጣቴ ሲደክምና ዝቅ ሲል ሹራቧን ነክሳ ትጠብቀኛለች። እየጠበቀችኝ መሆኑን ሳውቅ እንደገና እመታለሁ። ጣቶቼ ተልጠው ክሩ እስኪያሙለጨልጭ ድረስ፣ ወንድሟን ትንሿ ሳጥን የምትችለውን ያህል አለቀሰችው።